እርሳስ ወይስ ሊቲየም፦ የቤት ባትሪ በምን ይመዘናል?

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ የአገሪቱ ኃይል የማመንጨት አቅም በእጅጉ ከፍ ቢልም፣ ከማመንጫው እስከ መኖሪያ ቤት ባለው ረጅም መንገድ ላይ የሚገኙት ማከፋፈያ ጣቢያዎች፣ ትራንስፎርመሮችና ያረጁ መስመሮች ጭነቱን ሁልጊዜ ስለማይችሉት፣ የመብራት መቆራረጥ ከከተማ ኑሮ ገና አልወጣም። ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው ደግሞ ከዋናው መስመር ጋር ጭራሹኑ ያልተገናኘ በመሆኑ፣ ማታ የኤሌክትሪክ መብራት የሚያገኘው በአብዛኛው ቀን ከፀሐይ የሰበሰበውን ኃይል አጠራቅሞ ማቆየት ሲችል ነው። በዚህም ምክንያት ቀድሞ በባንኮች፣ በክሊኒኮችና በቴሌ ጣቢያዎች ብቻ ይታይ የነበረው ባትሪ፣ የባትሪን ኃይል የቤት ዕቃዎች ወደሚሠሩበት የ220 ቮልት ኤሌክትሪክ ከሚቀይረው ኢንቨርተር ጋር ተጣምሮ ወደ ተራው መኖሪያ ቤት እየገባ ይገኛል።

ገዢው ሱቅ ሲገባ ሁለት ዓይነት ዕቃ ይቀርብለታል፤ አንዱ ከባድ፣ ለረጅም ዘመን የታወቀና ዋጋው ዝቅ ያለው የእርሳስ አሲድ ባትሪ ሲሆን፣ ሌላው ቀላል፣ ለገበያው አዲስና ዋጋው ከፍ ያለው የሊቲየም ባትሪ ነው። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በዕለቱ ዋጋ ይዘጋል፤ ነገር ግን የባትሪ ዋጋ የሚታወቀው በሚሸጥበት ብር ሳይሆን፣ በዕድሜው ሙሉ ተቀብሎ መልሶ ለሚሰጠው ለእያንዳንዱ ኪሎዋት-ሰዓት በሚያስከፍለው ብር ነው፤ ኪሎዋት-ሰዓት ማለትም 1,000 ዋት የሚወስድ ዕቃ አንድ ሰዓት ሲሠራ የሚጨርሰው ኃይል፣ በመብራት ቆጣሪ ላይ የሚነበበው ያው መለኪያ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ ለአንዱ ቤት ርካሽ የሆነው ባትሪ ለሌላው ቤት ውድ ሆኖ ይገኛል።

የእርሳስ አሲድ ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1859 ጋስቶን ፕላንቴ በተባለ ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ የተሠራ፣ ዳግም ከሚሞሉ ባትሪዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው። በውስጡ ሁለት ዓይነት ሳህኖች፣ አንዱ ሊድ ዳይኦክሳይድ ከተባለ የእርሳስ ውሕድ፣ ሌላው ከንጹሕ እርሳስ ተሠርተው፣ በውሃ በተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ይቀመጣሉ። ባትሪው ኃይል በሚሰጥበት ጊዜ ሁለቱም ሳህኖች ከአሲዱ ጋር እየተዋሐዱ ሊድ ሰልፌት ወደሚባል ነገር ይለወጣሉ፤ አሲዱም እየቀጠነ ይሄዳል፤ ባትሪው ሲሞላ ደግሞ ሂደቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ሳህኖቹም አሲዱም ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ይመለሳሉ። አንዱ ክፍል 2 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ፣ በገበያ የሚገኘው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስድስት ክፍሎች ተያይዘው የተሠራ ነው።

የዚህ ባትሪ ደካማ ጎን የሚገኘው እዚያው ሊድ ሰልፌት ላይ ነው። ገና የተፈጠረው ሰልፌት ደቃቅ በመሆኑ በቀላሉ ይሟሟል፤ ባትሪው ጎዶሎ እንደሆነ ለቀናት ከቆየ ግን ደቃቁ እየተሰባሰበና እየጠነከረ ይሄድና፣ ከዚያ በኋላ በማናቸውም ቻርጅ የማይመለስ ነጭ ቅርፊት ሆኖ በሳህኑ ላይ ይቀራል፤ የተሸፈነው የሳህን ክፍልም ለዘለቄታው ከሥራ ውጭ ይሆናል። ባትሪውን ከዚህ የሚያድነው ከተጠቀሙበት በኋላ ሳይዘገዩ እስከ ጥግ መሙላት ሲሆን፣ ይህ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፤ የመጀመሪያው 80 በመቶ በጥቂት ሰዓታት ቢገባም፣ ባትሪው እየሞላ በሄደ መጠን የሚቀበለው ኃይል እየቀነሰ ስለሚሄድ ቀሪው 20 በመቶ ከመጀመሪያው ያላነሰ ሰዓት ይወስዳል፤ በጠቅላላው ከ8 እስከ 12 ሰዓት መጠበቅ የተለመደ ነው። መብራት መጥቶ ከሦስት ሰዓት በኋላ ተመልሶ በሚጠፋበት ሰፈር፣ ወይም በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ በደመና ተሸፍና በምትውልበት ደጋ አገር፣ የእርሳስ ባትሪ ሳይሞላ ሳምንታት ይቆያል። በክረምት የተዳከመ ባትሪ መስከረም ላይ ፀሐይ ስትወጣም የማያገግመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለቤቱ ግን ጥፋቱን በአብዛኛው በሻጩ ላይ ያደርጋል።

ለመኪና የተሠራ ባትሪን ለቤት መጠቀም ደግሞ ከዚህ የባሰ ጉዳት አለው። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሴኮንዶች ብዙ ኃይል እንዲሰጥና ወዲያው በመኪናው ዲናሞ እንዲሞላ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ሳህኖቹ ስስና ብዙ ናቸው፤ ለሰዓታት ቀስ እያለ እንዲሟጠጥ ሲደረግ ሳህኖቹ እየተፈረፈሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞታል። ለቤት የሚሆነው የእርሳስ ባትሪ ሳህኖቹ ወፍራም የሆኑት ወይም በቱቦ መልክ የተሠሩት፣ በጥልቀት ለመልቀቅ የተዘጋጀ ነው፤ ውሃ የማይጨመርባቸውና አሲዳቸው እንደ ረጋ ዝልግልግ የሆነው ጄል ባትሪዎችም ጥገናቸው ይቅለል እንጂ የሰልፌቱ ጣጣ አይቀርላቸውም።

በባትሪው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥርም ትርጓሜ ይፈልጋል። ‘100 አምፔር-ሰዓት’ የሚለው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲለቅ የሚሰጠውን መጠን የሚያመለክት ሲሆን፣ ኃይሉ በፍጥነት ሲወሰድበት ግን የእርሳስ ባትሪ ከተጻፈው በታች ይሰጣል፤ ይህንን ዝምድና ቪልሄልም ፖይከርት የተባለው ጀርመናዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1897 በቀመር አስቀምጦታል። በዚህ ላይ ዕድሜው እንዳያጥር ከያዘው ኃይል ግማሹ ብቻ እንዲወሰድ ስለሚመከር፣ የተጻፈው መጠንና ቤተሰቡ በእርግጥ የሚያገኘው መጠን እጅግ ይራራቃሉ። የእንጀራ ምጣድ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ ከባለ 12 ቮልት ባትሪ ወደ 300 አምፔር የሚጠጋ ጅረት ስለሚጠይቅ፣ አንድ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ እዚያው ይወድቃል፤ እውነቱ ከተነገረ አንድ የሊቲየም ባትሪም አይችለውም። ለምጣድ የሚሆን ሥርዓት ብዙ ባትሪና ትልቅ ኢንቨርተር የሚፈልግ በመሆኑ፣ በአነስተኛ ባትሪ እንጀራ መጋገር እንደሚቻል የሚናገር ሻጭ ሲያጋጥም ዕቃውን ትቶ መውጣት ይሻላል።

የሊቲየም ባትሪ አሠራር ከዚህ የተለየ ነው። በእርሳስ ባትሪ ውስጥ ሳህኖቹ ራሳቸው ወደ ሌላ ነገር ሲለወጡ፣ በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ግን የሊቲየም አዮኖች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ደቃቅ የሊቲየም አተሞች፣ ከአንዱ ወገን ወጥተው በሌላው ወገን የቁስ ንጣፎች መካከል ይገባሉ፤ ሲሞላ ወዲህ ሲለቅ ወዲያ ይመላለሳሉ እንጂ ማደሪያቸውን ብዙም አያፈርሱም። ረጅም ዕድሜው የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 የመጀመሪያውን ለገበያ አቅርቧል፤ ለዚህ ውጤት መሠረት የጣሉት ጆን ጉዲናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖም እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ይሁን እንጂ ‘ሊቲየም’ የሚለው ስም ብዙ ዓይነት ባትሪዎችን የሚጠቀልል በመሆኑ ገዢው የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ይኖርበታል። በስልክ፣ በላፕቶፕና በብዙ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ውስጥ የሚገኙት ኒኬል ወይም ኮባልት ያለባቸው ዓይነቶች ክብደታቸው ቀላል ቢሆንም፣ ከመጠን በላይ ሲሞቁ ከውስጣቸው ኦክስጅን ስለሚለቁ እሳቱ ራሱን ያባብሳል። ለቤት የሚመከረው ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ በነጋዴዎች አጠራር ኤል.ኤፍ.ፒ. የሚባለው ሲሆን፣ ጉዲናፍና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ይህ ቁስ ኦክስጅኑ ከፎስፈረስ ጋር አጥብቆ የተሳሰረ በመሆኑ በቀላሉ አይለቅም፤ ብርቅና ውድ በሆነው ኮባልት ምትክም ብረትን ይጠቀማል። የዚህ ባትሪ አንድ ክፍል 3.2 ቮልት ስለሚሰጥ አራቱ ተያይዘው 12.8 ቮልት፣ አሥራ ስድስቱ ደግሞ በቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ትላልቅ ባትሪዎች የሚሠሩበትን 51.2 ቮልት ይሰጣሉ።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ይሆናል። አምስት አምፖሎች በጠቅላላው 50 ዋት፣ ቴሌቪዥን 80 ዋት፣ የኢንተርኔት ራውተር 10 ዋት፣ ማቀዝቀዣ ደግሞ እየቆመ እየተነሣ በአማካይ 60 ዋት የሚወስዱበት ቤት ቢታሰብ፣ ድምሩ 200 ዋት ይሆናል፤ ለአምስት ሰዓት 1,000 ዋት-ሰዓት፣ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላው ሲጨመር 1,100 ዋት-ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ቢይዝም የሚወሰደው ግማሹ ብቻ በመሆኑ ሁለት ባትሪ መግዛት ግድ ይላል፤ የሁለቱ ክብደትም ከ50 እስከ 60 ኪሎ ይደርሳል። ተመሳሳይ መጠን ያለው የኤል.ኤፍ.ፒ. ባትሪ 1,280 ዋት-ሰዓት ስለሚይዝና ከዚህ ውስጥ ከ80 እስከ 90 በመቶውን ያለ ሥጋት መውሰድ ስለሚቻል፣ ከ10 እስከ 13 ኪሎ የሚመዝን አንድ ባትሪ ብቻውን ይበቃል። እንግዲህ የአንዱን ሊቲየም ዋጋ ከአንዱ እርሳስ ጋር ማነጻጸር ከመነሻው የተዛባ ሚዛን ነው፤ ንጽጽሩ አንድ ለሁለት መሆን አለበት።

ቀጥሎ የሚመጣው የዕድሜ ጉዳይ ነው። ባትሪ አንድ ጊዜ ለቆ አንድ ጊዜ ሲሞላ አንድ ዙር ይባላል። ተራ የእርሳስ ባትሪ ግማሹ እየተወሰደበት 500 ዙር ገደማ ሲያገለግል፣ የኤል.ኤፍ.ፒ. ባትሪ ከ2,000 እስከ 6,000 ዙር ያገለግላል። አንዱ ሊቲየም የአንዱን እርሳስ ሦስት እጥፍ ያስወጣል ተብሎ ቢታሰብና ዕድሜው በ3,000 ዙር ቢገመት፣ በየቀኑ ከባትሪ ለሚኖር ቤት ሁለቱ የእርሳስ ባትሪዎች ከአንድ ዓመት ተኩል በታች ሲያልቁ፣ ሊቲየሙ ከስምንት ዓመት በላይ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የእርሳሱ ጥንድ ስድስት ጊዜ፣ ማለትም አሥራ ሁለት ባትሪ መገዛት ይኖርበታል። የሊቲየሙ ወጪ የዚህ ሩብ ነው። ከፀሐይ ብቻ ለሚኖር ቤት፣ የሌሊት ተረኛ ለሚሠራበት የገጠር ጤና ጣቢያ ወይም ማታ ለሚከፈት ሱቅ ከዚህ በኋላ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም። በተጨማሪም የእርሳስ ባትሪ ከገባለት አሥር እጅ ስምንቱን ያህል ሲመልስ ሊቲየሙ ዘጠኝ ተኩሉን ያህል ስለሚመልስ፣ ከፀሐይ ፓነሉ የተሰበሰበው ኃይል በከንቱ አይባክንም፤ በጥቂት ሰዓት መሙላቱና ጎዶሎ ሆኖ ቢቆይ አለመጎዳቱ ደግሞ ለክረምት ደመና ሁነኛ መልስ ነው።

መብራት በወር ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚጠፋበት ቤት ግን ስሌቱ ይገለበጣል። በዓመት 24 ዙር፣ በአምስት ዓመት 120 ዙር ብቻ የሚያስኬድ ቤተሰብ ዕድሜውን ለማራዘም ብሎ ግማሹን ማስቀረት ስለማያስፈልገው፣ ከአንድ የእርሳስ ባትሪ 80 በመቶውን ወስዶ ከአራት ሰዓት በላይ መብራት ያገኛል፤ በቀረው ጊዜ ባትሪው ሙሉ ሆኖ በጥሩ ቻርጀር ላይ መቆየት ስለሚወድ ይህ አጠቃቀም ይስማማዋል። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ በእርጅና ተተክቶ እንኳ የአሥር ዓመት ወጪው ሁለት ባትሪ ሲሆን፣ የሊቲየሙ ወጪ የሦስት ባትሪ ያህል ነው፤ ሊቲየሙም በሺህ ከሚቆጠሩት ዙሮቹ አብዛኛውን ሳይጠቀሙበት ያረጃል። የጎረቤት ምክር ለሌላው ቤት የማይሠራውም ስለዚህ ነው፤ ባትሪ ከመግዛት በፊት መብራት የጠፋበትን ቀንና ሰዓት ለአንድ ወር በደብተር መመዝገብ ከማናቸውም ሻጭ ገለጻ ይበልጣል።

በዚህ ስሌት ውስጥ የብር ነገርም ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ ለሚገባ ዕቃ ዛሬ አነስተኛ ከፍሎ ነገ መልሶ መግዛት በእንዲህ ያለ ጊዜ አደጋ አለው፤ ቶሎ ቶሎ የሚተካው የእርሳስ ባትሪ እያንዳንዱ ምትክ በአዲሱ ዋጋ የሚገዛ ሲሆን፣ ሊቲየሙ የብዙ ዓመቱን ወጪ በአንድ ጊዜ ያስከፍላል። በአንጻሩ ብሉምበርግ ኤን.ኢ.ኤፍ. የተባለው የጥናት ተቋም እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በኪሎዋት-ሰዓት ከ1,000 ዶላር በላይ የነበረው የሊቲየም ባትሪ አማካይ ዋጋ በ2024 ወደ 115 ዶላር ወርዷል፤ ይህ በአብዛኛው የመኪና ባትሪን የሚመለከት የፋብሪካ ዋጋ በመሆኑ በችርቻሮ የሚገኘው ከዚህ ከፍ ቢልም፣ የዋጋው አቅጣጫ ግን አንድ ነው። የሊቲየሙን ዋጋ በአንድ ጊዜ መክፈል የሚችለው ብዙ ቤተሰብ ሳይሆን ጥቂቱ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ ሩብ ወጪ የሚለው ሒሳብ መነሻውን ገንዘብ ለሌለው ሰው ምንም አያደርግለትም፤ ስለዚህም ብድርና የክፍያ ጊዜን የሚያራዝም ውል ከባትሪው ጥራት ያልተናነሰ ጉዳይ ነው።

የአየር ጠባይን በተመለከተ፣ የእርሳስ ባትሪ ሙቀት ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር ይታወቃል። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለምትገኘው ለአዲስ አበባ ይህ ብዙ አያሳስብም፤ በሰመራ፣ በጋምቤላና በድሬዳዋ ግን ብቻውን ውሳኔውን ሊያስቀይር ይችላል። ሊቲየምም በሙቀት ያረጃል፤ ነገር ግን ጉዳቱ ዝግ ያለ ነው። በፊናው ከ0 ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም፤ ይህም ቢሆን ውርጭ በሚጥልበት ደጋ እንኳ ባትሪው ከቤት ውስጥ እስካለ ድረስ የሚያጋጥም አይደለም።

ደኅንነትን በሚመለከት ሁለቱም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የተባለውን ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚያወጣ አየር የሚዘዋወርበት ቦታ፣ አሲዱ ደግሞ ከሕፃናት የራቀ ሥፍራ ይፈልጋል። ጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ ሞስ ላንዲንግ በተባለ ቦታ የተቃጠለው ግዙፍ የኃይል ማከማቻ በሊቲየም ላይ ፍርሃት ቢያሳድርም፣ የዚያ ጣቢያ ባትሪዎች ኒኬልና ኮባልት ያለባቸው እንጂ ኤል.ኤፍ.ፒ. አልነበሩም። ያም ሆኖ የትኛውንም ባትሪ በመኝታ ክፍል ማስቀመጥ አይመከርም።

በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ክፍሎቹ እኩል እንዲሞሉና ከልክ በላይ እንዳይለቁ የሚጠብቅ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ መኖር አለበት፤ ባትሪውን ከሚያስመርጡት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ የዚህ መቆጣጠሪያ ጥራት ነው። ኢንቨርተሩም ለሊቲየም የሚሆን የቻርጅ ምርጫ ሊኖረው ይገባል፤ ለእርሳስ ተብሎ የተሠራ አሮጌ ቻርጀር ሰልፌትን ለማራገፍ አልፎ አልፎ ከ15 ቮልት በላይ ስለሚልክ መቆጣጠሪያው ባትሪውን ይዘጋዋል። እርሳስንና ሊቲየምን በአንድ መስመር ጎን ለጎን ማገናኘትም ሁለቱንም ይጎዳል። በገበያው ከመኪና የወጡ አሮጌ ክፍሎች አዲስ ልባስ ለብሰው ሊሸጡ ስለሚችሉ ቀላል ፈተና ማድረግ ይበጃል፤ ሞልቶ የቆመ ባለ 12.8 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 60 ዋት የሚወስድ ጭነት በኢንቨርተር በኩል ከ18 ሰዓት ባላነሰ ጊዜ ማብራት አለበት፤ በ10 ሰዓት ካለቀ ጽሑፉ ውሸት ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ባትሪው ሲሞት የሚሄድበት ቦታ ነው። ከእርሳስ ባትሪ ክብደት ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርሳስ በመሆኑ ዋጋ ስላለው ቆራሌው በደስታ ይወስደዋል፤ ባደጉት አገሮች ሁሉም ማለት ይቻላል ተመልሶ ይቀልጣል። ነገር ግን በሴኔጋል፣ በዳካር አቅራቢያ በምትገኘው ቲያሮዬ-ሱር-ሜር በተባለች መንደር፣ ነዋሪዎች አሮጌ ባትሪ ሰባብረው ከአሸዋው እርሳስ ሲለቅሙ እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ 18 ሕፃናት በእርሳስ መመረዝ ሞተዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለሰው አካል ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይገልጻል። ኤል.ኤፍ.ፒ. እርሳስ የለበትም፤ ሆኖም በውስጡ ያለው ብረትና ፎስፌት ርካሽ በመሆኑ ለመሰብሰብ የሚተጋ ነጋዴ አያገኝም።

ስለዚህ በየቀኑ ባትሪ ለሚጠቀም ቤት ኤል.ኤፍ.ፒ. መነሻ ገንዘቡ እስከተገኘ ድረስ ርካሹ ምርጫ ነው፤ መብራት አልፎ አልፎ ለሚጠፋበት ቤት ደግሞ ለጥልቅ መልቀቅ የተሠራ፣ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ የሚቆይ አንድ የእርሳስ ባትሪ በቂ ነው። ለሁለቱም ቤት የማይሆነው የመኪና ባትሪ ብቻ ነው።